ከክሪኩ ሥር ያለው ሳንቃ

ወልቂጤ በአንድ ጤና ጣቢያ በሾፌርነት የተቀጠርኩት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መንዳት አልነበረም፤ ጎማ መቀየር ነበር።

የሾፌሮች አለቃችን ጋሼ ደጀኔ የቡልጋ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ። መንጃ ፈቃዴን ገልበጥ አድርገው አዩና ‹‹ይሄ ወረቀት ነው›› ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ወደቆመችው ጂፕ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። የኋላ ጎማዋን አውልቄ ስኮርታውን፣ ማለት ትርፍ ጎማውን፣ እንድገጥም ነበር ትእዛዙ።

እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ለመንግሥት ሥራ ከመብቃቴ በፊት በአንድ የበርበሬ ነጋዴ መኪና ከእንሴኖ አዲስ አበባ ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ ጢም ያበቀልኩት ጎማ ስፈታና ስገጥም ነው ማለት ይቻላል። ጎማውን የያዙትን ዳዶዎች አላላሁ፣ መኪና ማንሻውን ክሪክ ከአክስሉ ሥር አስገባሁ፣ አነሳሁ፣ ቀየርኩ፣ አወረድኩ። እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ምስጋና ስጠብቅ ጋሼ ደጀኔ መሬቱን በጫማቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉት።

‹‹ነስሩ፣ ይሄ ጠጠር ነው›› አሉኝ። ‹‹ጠጠር ላይማ የእኔም ሚስት ትቀይራለች። አሁን ከግቢው ጀርባ ወዳለው ረግረግ ንዳትና እዚያ ቀይር።››

ነዳኋት። ረግረጉ ላይ ክሪኩን ባሽከረከርኩ ቁጥር መኪናዋ አትነሳም፣ ክሪኩ ግን ይሰምጣል። ድንጋይ ብጤ ፈልጌ ከሥሩ ባስገባም እሱንም ይዞት ወረደ። መጨረሻ ላይ ክሪኩን ራሱን በአካፋ ቆፍረን ነው ያወጣነው።

ጋሼ ደጀኔ ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። እሳቸውም አገሩን ባልለመዱበት ዘመን ጭቃ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው፣ ከክሪኩ ሥር የተቆረጠ እንሰት አስቀምጠው እንደነበር አጫወቱኝ። ግንድ መስሏቸው ነው። እንሰት ከውጭ ሲያዩት እንደ ዋርካ ይወፍራል፤ ውስጡ ግን እርስ በርሱ የተጠቀለለ ቅጠልና ውሃ ነው። መኪናዋ ስትጫነው ተጨምቆ ፊታቸው ላይ ረጨባቸው። ዓይናቸውን ጠራርገው ሲያበቁ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ይስቅ ነበር አሉ። ያን ዕለት ከእሳቸው ጋር ወዳጅ ሆንን።

በዚያው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አቶ ግርማ የሚባሉ የዕቃ ግዢ ሰው ከአዲስ አበባ መጡ። በአካባቢው ላሉት ጤና ጣቢያዎች መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ክሪክ ሊገዙ አስበዋል። ነገር ግን ከቢሮ ሆኜ ብመርጥ እሳሳታለሁ፣ እናንተ ክረምቱን ሞክሩና ንገሩኝ አሉ። ይህን የሚል አለቃ ከዚያ ወዲህ ብዙ አላጋጠመኝም።

ለመምረጥ የቀረቡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ከመኪናዋ ጋር የመጣው በጥምዝ የሚነሳ ክሪክ ነው። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ግን ጥምዙ ውስጥ ጭቃ ከገባ አንድ ዙር ለማዞር ወገብ ይቆርጣል። ሁለተኛው የዘይት ክሪክ ነው፤ ድንክ፣ ዱልዱም፣ የአረቄ ጠርሙስ የሚያክል። ዘንጉን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ያለ ብዙ ጉልበት ያነሳል። ጎማው ጨርሶ ሲተነፍስ አክስሉ ዝቅ ስለሚል ግን ከሥር ለማስገባት መሬት መቆፈር ይጠይቃል።

ሦስተኛው ረጅሙ ነው። የሰው ደረት የሚደርስ፣ ባለ ጥርስ ብረት። መኪናዋን ከመከላከያዋ ይዞ ሽቅብ ይሰቅላታል፤ ጭቃ ውስጥ መተኛት የለ፣ መቆፈር የለ። ጋሼ ደጀኔ ገና ሲያዩት ወደዱት። እኔ ደግሞ ፈራሁት። እግሩ ትንሽ ነው፤ መኪናዋ ትንሽ ካጋደለች እሱም አብሮ ያጋድላል። እጀታው ከእጅ ካመለጠ ደግሞ አገጭ ፈልጎ ነው የሚመታው።

በዚህ ስንከራከር ሰነበትን። በመጨረሻ እሳቸው ረጅሙን ይዘው ወደ ቡታጅራ በኩል፣ እኔ የዘይቱን ይዤ ወደ ጉንችሬ በኩል እንድንሠራ ተስማማን። ክረምቱ ይፍረደን ተባባልን።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ሲስተር አልማዝን ይዤ ጉንችሬ ገበያ ለክትባት ወጣን። ሲስተር አልማዝ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች፤ ንግግሯ አጭር፣ እጇ ፈጣን። ቀትር ላይ አንድ ሰው ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ረዲያ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። መኪናችንን አስነስተን ወደ መንደሩ ሄድን።

ሲስተር አልማዝ ቤት ገብታ መርምራ ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል። ልጁ በማህፀን ውስጥ ተጋድሟል፣ እዚህ ሊወለድ አይችልም፣ ወልቂጤ ሐኪሙ ዘንድ ካልደረሰች እናትም ልጅም ይሄዳሉ አለችኝ። ሰማዩን አየሁ። ወደ ወልቂጤ በሚወስደው መንገድ ላይ ድልድይ የሌለው ወንዝ አለ፤ የሐምሌ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ይሞላና መንገደኛውን ያሳድራል። ደመናው ከተራራው በኩል ጠቁሯል። ዝናቡን መቅደም አለብን።

ረዲያን በቃሬዛ ከኋላ ጫንናት። አማቷ እማማ ከዲጃ ራሷን ደግፈው ተቀመጡ፤ ባሏና ሲስተር አልማዝም ገቡ። መንደሩን ገና ሳንወጣ፣ ጀፎረው መሃል፣ መኪናዋ ወደ ኋላ ዘመም አለች። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚያልፍ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ወደ እሱ ያያሉ። ከአጥር የወደቀ የሾለ እንጨት ሣሩ ውስጥ ተደብቆ የኋላ ጎማችንን ወግቶታል።

የጋሼ ደጀኔ አንድ የማይሻር ሕግ ነበረች፤ ሰው ተጭኖ መኪና አይነሳም። ረዲያን ከነቃሬዛዋ አውርደን ከአንድ ቤት ደጃፍ አሳረፍናት። ጎማዎቹን በታኮ ደገፍኩ፣ ዳዶዎቹን መሬት ላይ ሳለች አላላሁ። አክስሉ ዝቅ ብሏልና ሣሩን ፈንቅዬ በእጄ ቆፈርኩ። ክሪኩን አስገብቼ ዘንጉን መታሁ። የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ረግረግ እንደገና መጣብኝ፤ መኪናዋ ባለችበት ቆማ ክሪኩ ሰመጠ።

መንደርተኛው ወዲያው ከበበን። ድንጋይ ጠየቅሁ፤ በዚያ ቀይ አፈር አገር ድንጋይ የለም። ማገዶ አመጡ፤ ክብ ስለሆነ ተንከባለለ። የረዲያ ባል የቤቱን በር ነቅሎ መጣ፤ በስስ ጣውላ የተሠራ ነበርና መሃሉ ላይ ተሰነጠቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በተቻኮልን ቁጥር ጉድጓዱ ሰፋ። ረዲያ አትጮህም ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ከዲጃ እስከዚያ ድረስ የምራታቸውን ግንባር ይዘው ነበር። ተነሡና ሴቶቹን አንድ ነገር አሏቸው። ሁለት ሴቶች ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የእንሰት ጓሮ ገብተው አንድ ሳንቃ ተሸክመው ተመለሱ። ወንዶቹ ሁሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም አዞርኩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው። ቅጠሉን ሳንቃ ላይ አጋድመው በተረከዛቸው ይዘው ይፍቁታል፤ ቆጮ የሚሆነው እሱ ነው። ሲፍቁ ወንድ በዚያ አያልፍም፣ መፋቂያውንም አይነካም። እኔም መስቃን፣ እዚያው ቡታጅራ አካባቢ፣ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና እናቴ ስትፍቅ ዞሬ ነው የምሄደው። የእማማ ከዲጃ ሳንቃ ወፍራም ዋንዛ ነበር። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ የሴቶች ተረከዝ አለስልሶት ያበራል።

ባልየው ለአንድ ቀን ነው፣ ሾፌሩ ይውሰደውና ይሥራበት ብሎ ለመናቸው። እማማ ከዲጃ እምቢ አሉ። ልጅ እየተጠበቀ ሥርዓት አይሰበርም አሉ። ይህን ጊዜ ረዲያ ከቃሬዛው ላይ ቀና አለች። ቋንቋቸው ከእኛ ከመስቃኖቹ ይለያል፤ ያኔ የተባባሉት ግን አልጠፋኝም።

‹‹እማ፣ ተዪው። ሳንቃው ይሰበርብሻል።››

‹‹አንቺ ከሌለሽ ለማን ላቆየው ነው?››

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ‹‹አንተ ሾፌር፣ እዚያ ሂድ፣ ዙርና ንገረን። እኛ እንሠራለን›› አሉኝ።

በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ያን ዕለት የሚያክል የለም። መኪናዋ አፍንጫ በኩል ሄጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እንሰቱን እያየሁ ጎማ አስቀየርኩ። ሳንቃውን ከጉድጓዱ በላይ አጋድሙት አልኩ። ክሪኩን መሃሉ ላይ፣ ራሱን ከአክስሉ ሥር። ሲስተር አልማዝ ዘንጉን ያዘች። የዘይት ክሪክ ጸጋው እዚህ ላይ ነው፤ ጎረምሳ አይጠይቅም። የዘንጉን ሲጥ ሲጥ እሰማለሁ፣ ቀጥሎም የሳንቃውን ድምፅ። እንጨት ሲጨነቅ የሚያሰማውን አውቃለሁ።

‹‹ተነሳች›› አለች ሲስተር አልማዝ።

ዳዶዎቹን ፈትታችሁ ቀሚስ ላይ አስቀምጡ፣ ጭቃ ላይ አይውደቁ አልኩ። አንዷ ቀሚሷን ዘረጋች መሰለኝ፣ ሲንቀጫቀጩ ሰማሁ። ጎማው ከባድ ነው፣ ሁለት ሆናችሁ ያዙት ስል ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ። ሲስተር አልማዝ ቆይታ እንደነገረችኝ አንዷ ሴት ብቻዋን አንስታው ነበር። ዕድሜ ልኩን እንሰት የፋቀ ክንድ ጎማ አይከብደውም። ስኮርታው ገባ። አንዱን ዳዶ ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ያለውን ሳይሆን ተሻግራችሁ ፊት ለፊቱን አጥብቁ አልኩ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከጠበቀ ጎማው ተጣሞ ይቀመጣልና። ክሪኩን አስተነፈሱ፣ ሳንቃውን አወጡ፣ ዞር በል አሉኝ።

ጨዋ ሾፌር ራሱ ያላጠበቀውን ዳዶ አምኖ አይነዳም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቁልፉን ይዤ በየተራ ሞከርኳቸው። አንዱም አልዞረልኝም።

ረዲያን ጭነን ስንነሳ እማማ ከዲጃ ሳንቃውንም መኪናዋ ላይ አስጫኑት። መንገዱ ገና ብዙ ነው፣ ሌላም ጎማ አለ አሉ። እሳቸውና ሲስተር አልማዝ ከሥራቸው አድርገው ተቀመጡበት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ዝናቡ ጀምሯል፤ ውሃው ደፍርሶ እንጨት ማውረድ ጀምሯል። በመጀመሪያ ማርሽ፣ ቆም ሳልል፣ ገባሁ። ወለሉ ላይ ውሃ ገባብን። ወጣን። ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም፤ ባልየው ግን ብዙም ሳንርቅ ወንዙ እንደዘጋ ነገረኝ።

ወልቂጤ ረዲያን አስገብተን እኔ ውጭ ቀረሁ። ሥራ ስይዝ ስለማልፈራ ክሪኩን ማጠብ ጀመርኩ። አጥቤ ስጨርስ እንደገና አጠብኩት። ሲስተር አልማዝ ቆይታ ወጣች። እናቲቱ ተርፋለች፣ ልጁ ግን ከማህፀን ሳይወጣ አልፏል አለችኝ። ወንድ ነበር። እማማ ከዲጃ ሲነገራቸው አልሐምዱሊላህ፣ ረዲያ አለች ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ከመኪናዋ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። የማላውቀው ሰው ልጅ ነው፤ አለቀስኩ።

ረዲያ ተሽሏት ወደ ቤቷ ስትመለስ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መንደሩ ጋ ስንደርስ ሲስተር አልማዝ ሳንቃውን ልታወርድ ስትይዘው እማማ ከዲጃ እጇን ያዙ። የክሪኩ ብረት መሃሉ ላይ ክብ አትሞበታል፤ ጠብ ጠብ ያለው ዘይትም እንጨቱ ውስጥ ገብቷል።

‹‹ከእንግዲህ ቆጮው ዘይት ዘይት ነው የሚለው›› አሉ። ‹‹የመኪናው ሆኗል። እናንተ ጋ ይሁን፤ መንገድ ላይ ሌላም ሴት አለች።››

ይህን ብለው ገቡ። እንዲህ ሲሉ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ረዲያ ግን ሳንቃው መኪናዋ ላይ ሲቀር ቆማ ታየው ነበር። ወደፊት እሷ ልትወርሰው የነበረ ዕቃ ነው። ልጇን ሸኝታ ቤቷ ስትገባ እሱም ከጓሮው የለም።

ጋሼ ደጀኔ ከቡታጅራ ሲመለሱ አገጫቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ስለ ረጅሙ ክሪክ እጀታ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። እኔ የጀፎረውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኳቸው። ዳዶው አልዞረልኝም ስል ፕላስተራቸውን ደገፍ አድርገው ሳቁ። ‹‹ጠጠር ላይ ሚስቴ ትቀይራለች ማለቴን እንዳትነግርብኝ›› አሉ።

አቶ ግርማ መስከረም ላይ መጡ። ሁለታችንም የዘይቱን መረጥን፤ ግን ብቻውን ከሆነ አንፈልገውም አልናቸው። ለእያንዳንዱ ክሪክ አንድ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ይገዛ አልን። አቶ ግርማ እንዲገዛ በተፈቀደው ዕቃ ውስጥ ሳንቃ የሚባል ነገር የለም አሉ። ጋሼ ደጀኔ ሊቆጡ ሲሉ ሰውዬው ወደ መኪናዋ ሄደው የእማማ ከዲጃን ሳንቃ አወጡና በጣታቸው መሃሉ ያለውን ክብ ዳሰሱ። የማን እንደነበረ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ‹‹እንግዲያው ‘ክሪክ ከነመቀመጫው’ ብዬ ነው የማስገዛው›› አሉ። እንዳሉትም አደረጉ።

ሳንቃዎቹን የሠራው ቡታጅራ ያለ አንድ አናጢ ነው። ስቀበል አንድ ሌላ በራሴ ጨምሬ አሠራሁ፤ ረዘም ያለ፣ ጠርዙ የተላገ፣ ለመኪና ያልሆነ። አናጢው ለምን እንደሆነ ሲገባው እሱም ሲልግ የነበረውን እጁን አነሳና እናቱን ጠርቶ እሷን አስጨረሳት። እኔ በጆንያ ተጠቅልሎ ነው የተቀበልኩት። ጉንችሬ ለክትባት ስንወጣ ሲስተር አልማዝ ተሸክማው ጓሮ ገባች። እኔ ጀፎረው ላይ፣ መኪናዋ አፍንጫ ጋ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ቦታዬን ለምጄዋለሁ።

ተመልሳ ስትመጣ እማማ ከዲጃ ምን አሉ አልኳት። እንጨቱን አሽትተው፣ ሻካራ ነው ብለው፣ ራሳቸው ሳይፍቁበት ለረዲያ አሳለፉት አለችኝ። ‹‹የእኔ ከእናቴ ነበር፣ ይሄኛው ከአንቺ ይጀምር›› ነው ያሏት። ሞተሩን ሳስነሳ ከጓሮው የመፋቅ ድምፅ ተሰማ።

የእማማ ከዲጃ ሳንቃ ከመኪና መኪና እየተዛወረ ጡረታ እስክወጣ አብሮኝ ሠርቷል። ክሪኮቹ ብዙ ናቸው፤ ዘይታቸው አልቆ፣ ጥርሳቸው ተበልቶ ተጥለዋል። ለወጣት ሾፌሮች ምን ዓይነት ክሪክ ልግዛ ሲሉኝ የምመልሰው ይህን ነው። የምትሄድበትን መሬት እየው፤ መጀመሪያ ከክሪኩ ሥር የምታስቀምጠውን ፈልግ፣ ከዚያ ክሪኩን ግዛ።